የኦረስት ዳሌ

እንቅልፍ እንቢ ካላት ወዲህ ነግቶ አራት ሰዓት ሆኗል፣ እሑድ ነው፣ ከተማው በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ገብቷል፣ ቨርና ግን መጋረጃዋን ዘግታ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ጣሪያ ታያለች። የሚዙሪ የነሐሴ ሙቀት አንሶላውን ከገላዋ አጣብቆታል፣ ማራገቢያው ይንቋቋል፣ ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር ደግሞ ያ ጭብጨባ ይመጣባታል። ስድብ ቢሆን በተሻላት። ስድብ ያልፋል፣ ተሰድቦ ያልተኛ ሰው የለም። እሷን እንቅልፍ የነሳት የተጨበጨበላት መሆኑ ነው፣ ሦስት መቶ ሰው ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተማሪ ምሳ ስትቀቅል ከኖረችበት ወጥ ቤት አጠገብ፣ በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ፣ እጁ እስኪቀላ አጨበጨበላት። በሠላሳ ሁለት ዓመት አንድም ቀን እንዲህ አድርገው ተቀብለዋት አያውቁም። ከካናዳ፣ ከሳስካችዋን የስንዴ ሜዳ፣ ከሚዙሪ አዝመራ ሊያጭድ መጥቶ የነበረ ሌላንድ የሚባል ጎረምሳ ተከትላ ወደዚህ ስትመጣ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ሌላንድ ከሞተ አራት ዓመት ሆነው፣ ልጅ አልወለዱም፣ እና ሰው በእርጅናው ብቻውን ሲቀር አገሩ ማን ነው? በረዶውን የሚጠርግለት ነው አገሩ። እንዲህ ብላ ነበር ለራሷ ትናንት ያነበበችውን ወረቀት ስትቀበል። አሁን ደግሞ እንዲህ ማለቷን እያስታወሰች ትራሱን ትገለብጣለች፣ ያኛውም ፊቱ ሙቅ ነው።

በረዶውን የሚጠርግላት ዶይል ሃትሰን ነው። ባለ ጎማ ቤቱ ዶይል። ክፉ ሰው ቢሆን ነገሩ ሁሉ በቀለለ! ሌላንድ በሞተ በሳምንቱ ስምንት ወንዶች አስከትሎ መጥቶ፣ ማንም ሳይለምነው፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ በአንድ ቀን አንስቶ ሌላ አለበሰላት፣ ሒሳብ ስንት ነው ስትለው እንደ ተሰደበ ሰው ቀላ። በየክረምቱ ገና ሳይነጋ የመኪናው ድምፅ ይሰማል፣ በሯን ጠርጎ ሳያንኳኳ ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት ጎማ ልታስቀይር ሄዳ ስትጠብቅ ስለ ወንድሟ ስለ ኦረስት አወራችለት፣ ወሬ ነበር፣ የዳሌው መገጣጠሚያ ተበልቶ በከዘራ እንደሚሄድ፣ ለቀዶ ሕክምናው ወረፋ ከያዘ አሥራ አራት ወር እንደሆነው፣ ስልክ በደወለ ቁጥር ሐኪሞቹን እንደሚራገም። ዶይል መፍቻውን አስቀመጠ። "ቨርና፣ ይሄን ነገር ለሰው መናገር አለብሽ" አላት። "ምኑን?" "ይሄንኑ! የኮንግረሱ ሰውዬ ቅዳሜ ሕዝብ ሊያወያይ ይመጣል፣ ዋሽንግተን ያሉት ሕክምናውን ለመንግሥት ሰጥተው እኛንም እንደዚያ ወረፋ ሊያስይዙን ነው። እኛ በሩቁ ነው የምናወራው፣ አንቺ ግን ከውስጡ የወጣሽ ምስክር ነሽ።" ምስክር። ቃሉ ደስ አላት፣ ምን ዋጋ አለው አሁን መካዱ፣ ደስ ነው ያላት። የዶይል ምራት የምታነበውን ወረቀት በኮምፒውተር ጽፋ አመጣችላት፣ አምስት መስመር። ሐሙስ ማታ ደግሞ ኦረስት ደወለ፣ ድምፁ እንደ ልጅ ሆኗል፣ "ቀን ተቆረጠልኝ! ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፣ ሳስካቱን ሆስፒታል፣ ከዘራውን ለውሻው ነው የምሰጠው" አለ። ቨርና በማግስቱ ለዶይል ነገረችው። ነግራዋለች፣ ይሄን እግዚአብሔር ያውቃል። ዶይልም እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "ተመስገን፣ ደስ ይላል። እሱን ግን አሁን ማስገባት ሰው ያደናግራል፣ አጠር ይበል" አለ፣ እሷም አጠር ይበል አለች።

ከእሷ በፊት ማይክራፎኑን የምትይዘው ትሪና ፕሩት እንደሆነች ግን ማንም አልነገራትም። ትሪና እኮ ስድስት ዓመት ከአጠገቧ ቆማ ድንች የላጠች ልጅ ናት፣ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ የገዛ ደሟ በገላዋ ላይ የሚያምፅ በሽታ ያዛትና መገጣጠሚያዋ እያበጠ ግማሽ ቀን መሥራት እንኳ ሲያቅታት ከሥራ ወጣች፣ ከሥራ ስትወጣ የሕክምና ዋስትናዋም አብሮ ወጣ፣ ሌላ ዋስትና ድርጅት ደግሞ የታመመ ሰው አንቀበልም አላት። እንግዲህ ጤነኛ ካልሆንሽ አናክምሽም ማለት ነው፣ ቨርና ይሄን ስትሰማ ከንፈሯን መጥጣ ወደ ድንቿ ተመልሳ ነበር፣ የእሷ የዋስትና ካርድ ቦርሳዋ ውስጥ ነበረ፣ አሁንም አለ። ትሪና በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ ለብሳ ማይክራፎኑን በሁለት እጇ ይዛ ትቆማለች። "ትሪና ፕሩት እባላለሁ፣ አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ፣ ልጆቻችሁን አብልቻለሁ" ትላለች። "በእሳት አደጋ ጣቢያው ሁለት ጊዜ ዓሣ ጠብሳችሁ ሸጣችሁ መድኃኒት ገዝታችሁልኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብያለሁ፣ እያንዳንዳችሁን በስማችሁ ጠርቼ። አሁንም እደግመዋለሁ። ግን ማመስገን ደክሞኛል። ፎቶዬ በየሱቁ በር ላይ ሲለጠፍ፣ ፈገግ ብዬ፣ ጸጉሬን ተተኩሼ፣ እንዳታስቀይማቸው እያልኩ ለራሴ፣ ደክሞኛል። እኔን ትወዱኛላችሁ እንበል። የማይወደድ ሰው ቢታመምስ? ለእሱ ማን ዓሣ ይጠብስለታል?"

አዳራሹ ለአንድ አፍታ ጸጥ አለ፣ ቨርና ያቺን አፍታ ታስታውሳለች፣ ነገሩ ወዴትም ሊያጋድል ይችል ነበር። ከዚያ ከኋላ አንድ ወንድ "ሥራ ፈልጊ!" ብሎ ጮኸ። ሌላው "በራስሽ ገንዘብ ታከሚ፣ እጅሽን ከኪሴ አውጪ!" አለ። ትሪና "ጌታዬ፣ እኔ እኮ..." ብላ ጀምራ ነበር፣ ከፊተኛው ረድፍ ቀይ ቆብ ያደረገች ሴትዮ ተነስታ "ዓሣችንን መልሺልን!" አለች፣ ሳቁ እንደ ናዳ ወረደ፣ ዓሣችንን መልሺ፣ ዓሣችንን መልሺ፣ እግራቸውን እየመቱ፣ ፋሲካና ገና የሚሳሳሙ ሰዎች። የኮንግረሱ ሰውዬ ወረቀቱን እያገላበጠ "ሐሳብሽን እናከብራለን፣ ቀጣይ" አለ። ቀጣይዋ እሷ ናት። ማይክራፎኑን ከትሪና እጅ ነው የተቀበለችው፣ በላብ ርሶ ሙቅ ነበር። ማለት ትችል ነበር። ወረቀቱን አጣጥፋ፣ እናንተ ሰዎች እፈሩ፣ ማለት ትችል ነበር፣ ሌላ ሰው ብትሆን። አምስቱን መስመር አነበበች። ወንድሜ ኦረስት ሳስካችዋን ይኖራል፣ አሥራ አራት ወር በሕመም ጠበቀ፣ እዚህ እንዲህ እንዳይሆን እለምናለሁ። ወረቀቱ የቆመበት ላይ ቆመች። ከዚያ ጭብጨባው፣ እና በጭብጨባው መሃል ትሪና ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ በጠባቡ መተላለፊያ ስትወጣ፣ በሩ ጋ ዞር ብላ አየቻት፣ አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፣ የረሳችውን ዕቃ እንደምታይ አድርጋ ብቻ አየቻት።

እንዲህ ያለ ፊት መች አየሁ ትላለች ቨርና፣ ጎኗን እየለወጠች፣ እንዲህ ያለ የሕዝብ ፊት። አየች እንጂ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ የሳስካችዋን መንግሥት ሁሉን ሰው በነፃ ላሳክም ባለበት ዓመት፣ ሐኪሞቹ አድመው ክሊኒኩን ዘግተዋል፣ አባቷ የእሑድ ባርኔጣውን አድርጎ ዋና ከተማው ሬጂና ድረስ ሄዶ ከሚጮኹት ጋር ይጮኻል፣ የሌላውን ሰነፍ ሆድ አልቀልብም ይላል። እናቷ ሳምንት ሙሉ ወጥ አቀረበችለት እንጂ ቃል አላቀረበችለትም። በዓመቱ ኦረስት፣ ዘጠኝ ዓመቱ፣ እግሩን የእህል ማውጫ ማሽን ጎትቶ ያዘው። ሁለት ወር ሆስፒታል ተኛ፣ እግሩ ተረፈ፣ ያው እግር ነው ዛሬ ዳሌውን የበላው። አባቷ ልጁን ሊያወጣ ሲሄድ የበሬ መሸጫ ብር በመሐረብ ጠቅልሎ ይዟል፣ እሷም አብራው አለች፣ "የት ነው የምከፍለው?" ይላል፣ ጸሐፊዋ "የሚከፈል የለም አባቴ፣ ልጅዎን ይውሰዱ" ትላለች። አባቷ ባርኔጣውን አውልቆ ኮሪደሩ መሃል ቆመ። የቆመበትን ጊዜ ቨርና አሁን ድረስ ልትለካው አልቻለችም። ቤት እስኪደርሱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፣ ከዚያ በኋላም ስለ ነገሩ ክፉም ደግም ሳይናገር ሞተ። ጮኾ የተናገረውን ሰው ዝም ብሎ አይመልሰውም፣ አባዬ፣ አየህ፣ ልጅህም እንዳንተ ሆነች፣ እንዲያውም አንተ ስትጮኽ አታውቅም ነበር፣ እኔ ግን ኮሪደሩን አይቼዋለሁ፣ እያወቅሁ ነው።

ስልኩ ጮኸ። ዶይል መስሏት ልትተወው ነበር፣ አነሳችው።

"ዝነኛዋ እህቴ ነሽ?" አለ ኦረስት።

"ማን ነገረህ?"

"ጎረቤቴ ዋልተር ኮምፒውተሩን ታቅፎ መጣና ንግግርሽን አሳየኝ። አገር ምድሩ አይቶታል አሉ። ዳሌዬ ከእኔ ቀድሞ አሜሪካ ገባ።"

"ውሸት አልተናገርኩም፣ ኦረስት።"

"አልተናገርሽም፣ እሱ አይደል የሚያንገበግበኝ! እኔ እነሱን የማልሰድብበት ቀን የለም። በቀደም ቀጠሮ የምትሰጠዋን ሴትዮ አስለቅሻታለሁ። ግን የምሰድበው የገዛ ቤቴን ነው። ጣሪያው ቢያፈስ ባለቤቱ ይሳደባል። አንቺ ምን አደረግሽ? ጣሪያው ያፈሳል ብለሽ ሜዳ ላይ ላለ ሰው ቤት ምን ይሠራልሃል አልሽው።"

"እሺ።"

"እሺ አትበይኝ። ቀን ተቆረጠልኝ ብዬ ሐሙስ ነግሬሽ አልነበር?"

"ነግረኸኛል።"

"ታዲያ?"

"ወረቀቱ ላይ አልነበረም።"

ከኦረስት ኋላ የዚያ አገር ነፋስ መስኮቱን ሲመታ ይሰማታል፣ ወይም የመሰላት ነው። "ያቺ ከአንቺ በፊት የጮኹባት ሴት ማናት?" አለ።

"ትሪና። አብራኝ ትሠራ ነበር።"

"ሄደሽ አየሻት?"

"አላየኋትም።"

"ታዲያ እኔን ምን ልታደርጊኝ ታናግሪኛለሽ?" አለና ዘጋው። የደወለው እሱ መሆኑን የረሳ ይመስል።

ቀሚሷን መቼ እንደለበሰች አታስታውስም። ትሪና ከተማው ጫፍ ላይ ካሉት ተጎታች ቤቶች በአንደኛው ትኖራለች፣ ቨርና መንገድ ላይ ሳለች የቤተ ክርስቲያኑ ሰው እየወጣ ነበር፣ አንዳንዱ እጁን አነሳላት፣ ዛሬ ከወትሮው ከፍ አድርጎ። ትሪና የሽቦ ወንፊት በሩን ሳትከፍት ከውስጥ ጥላው ላይ ቆመች፣ ፀሐይ ገላዋን ታቃጥላታለች፣ ቨርና ከውጭ ፀሐዩ ላይ ናት።

"ኬክ ይዘሽ እንዳይሆን ብቻ።"

"ባዶ እጄን ነው።"

"ይሻላል።"

"ትሪና፣ ይቅርታ..."

"ተይኝ በናትሽ። ይቅርታሽን ከተቀበልኩ ደግሞ ደግ መሆን ሊኖርብኝ ነው። አቅም የለኝም።"

ቨርና ላቧን ጠረገች። በመንገድ ያሰበችውን ተናገረች፣ ማክሰኞ የኮንግረሱ ሰውዬ በሚቀጥለው ከተማ፣ በገበያ ሜዳው ላይ እንደሚሰበስብ፣ እሷም ሄዳ ማይክራፎን ጠይቃ የቀረውን ልትናገር እንደሆነ፣ የቀጠሮውን ቀን፣ የአባቷን ነገር ሁሉ። እያወራች ልቧ ሞቀ፣ ጭብጨባ የሌለበት ንግግር እንኳ ሲያምር ታያት። ትሪና ሰምታ ጨረሰችና ሳቀች፣ ደረቅ ሳቅ።

"ማክሰኞ ክሊኒክ ቀጠሮ አለኝ። በነፃ የሚያዩኝ በሁለት ወር አንድ ቀን ነው፣ ሰባ ማይል ነው መንገዱ፣ መኪናዬ ቆማለች። የምታደርሰኝ የዶይል ሚስት ነበረች። ከትናንት ወዲህ ስልክ አታነሳም። አየሽ? ዓሣውን መልሰው ወሰዱት።" በወንፊቱ ውስጥ ትክ ብላ አየቻት። "እና የቱን ነው የምትሰጪኝ? ንግግርሽን ወይስ መኪናሽን?"

ማክሰኞ ነው፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ትሪና ከጎኗ ተቀምጣለች፣ ባርኔጣዋን እስከ ቅንድቧ ደፍታ፣ መስኮቱን በፎጣ ጋርዳ። ንግግር የለም፣ ማይክራፎን የለም፣ በቆሎ ብቻ ነው ግራና ቀኙ፣ ቨርና የሚወራ ነገር ትፈልጋለች፣ ትሪና የሚወራ እንዳይመጣ ዓይኗን ጨፍናለች። የገበያ ሜዳው ግን መንገዱ ዳር ነው። መኪናው ተደርድሯል፣ ሰውዬው ገና አልመጣም፣ ሕዝቡ ሰሌዳ ይዞ አጥሩ ላይ ተኮልኩሏል፣ ከሁሉ በላይ የጎላው፣ ሁለት ሰው የተሸከመው፣ በቀይ ቀለም "ኦረስት፦ 14 ወር!" ይላል። የቨርና እግር ራሱ ፍሬኑን ረገጠ።

"ወንድምሽ ነው?" አለች ትሪና፣ ዓይኗን ገልጣ።

"ነው።"

"ስንት ደቂቃ ትርፍ አለን?"

"ሃያ።"

"አምስቱን ውሰጂ።"

ዶይል ሲያያት ፊቱ በራ። "ቨርና! መጣሽልን!" አለና ክንዷን ያዘ።

"ዶይል፣ ለኦረስት ቀን ተቆርጦለታል። ቀዶ ሕክምናውን ያደርጋል፣ ቤሳ አይከፍልም። ስሙን አጥፋው።"

"ጊዜው አሁን አይደለም፣ እንነጋገራለን።"

"ዓርብም አሁን አይደለም ብለኸኝ ነበር።"

ዶይል ከትከሻዋ በላይ ወደ መኪናዋ አየ፣ ባርኔጣዋን የደፋችውን አየ። እጁን ከክንዷ አነሳ። የተቆጣ አይመስልም፣ የተጎዳ ነው የሚመስለው፣ ቨርናን የወጋትም ያ ነው። "ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይሄ ነው" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ጣሪያሽን ማን ሠራው? በሚመጣው ክረምት በርሽን ማን ይጠርግልሽ?"

"አንተ ነህ የሠራኸው። ውለታህ አለብኝ፣ ዶይል። ወንድሜ ግን የለበትም።" ከዚያ ወደ አጥሩ ዞረችና ያለ ማይክራፎን፣ ወጥ ቤት ውስጥ በተማሪ ላይ በምትጮኽበት ድምፅ፣ "ኦረስት ወንድሜ ነው! ግማሹን ነው የነገርኳችሁ! ቀኑ ደርሷል፣ በነፃ ነው የሚታከመው! ልጅ ሆኖ እግሩንም ያተረፉት እነሱ ናቸው!" አለች። መጀመሪያ ያልገባቸው ነበሩ፣ የሚያጨበጭብም ነበር። ሲገባቸው ጩኸቱ ተነሳ። ባለ ቀይ ቆቧ ሴትዮ አጥሩ ላይ ተንጠራርታ "ወደ አገርሽ ሂጂ! ያን ያህል ከጣመሽ ወደ ካናዳሽ ሂጂ!" አለች፣ ሌሎቹም ተቀበሏት፣ ሂጂ፣ ሂጂ፣ ሂጂ፣ አንዱ በበረዶ የተሞላ የለስላሳ ብርጭቆውን ወረወረ፣ ትከሻዋን መታት፣ ጣፋጩ በጀርባዋ ወረደ። ሰሌዳውን የያዙት ሁለቱ ዶይልን አዩ። ዶይል መሬት እያየ፣ ያዙት፣ አትልቀቁት፣ አለ በእጁ።

መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። ትሪና ከኪሷ የወረቀት መሐረብ አውጥታ ጭኗ ላይ ጣለችላት።

"ምን አሉሽ?"

"ወደ አገርሽ ሂጂ አሉኝ።"

ትሪና አጥሩን፣ ሰሌዳውን፣ ሕዝቡን አየች፣ ፎጣውን መስኮቱ ላይ አስተካከለች። "ሂጂ እንጂ" አለች። "ግን መጀመሪያ እኔን አድርሺኝ።"

ቨርና ሳቋን ልትይዝ ሞከረች፣ አልቻለችም፣ እየሳቀች ማርሹን አስገባች፣ ጀርባዋ ከወንበሩ ጋር ተጣብቆ ስድሳ ማይል ነዳች። የመዝጋቢዋ መስኮት ጋ ሲደርሱ ለአምስት ሰዓቱ ቀጠሮ ስድስት ደቂቃ ቀርቶታል። መዝጋቢዋ ወጣት ናት፣ ቀና ሳትል ትጠይቃለች፣ ስም፣ የልደት ቀን፣ የሥራ ቦታ፣ ዋስትና አለ የለም፣ ትሪና ቶሎ ቶሎ ትመልሳለች፣ የምታውቀው ዜማ ነው።

"አንድ ነገር ቢፈጠር የምንደውልለት ሰው? እዚህ የተጻፈው ሃትሰን የሚል ነው፣ እሱው ይቀጥል?"

ትሪና ባርኔጣዋን አወለቀች፣ ያበጡ ጣቶቿን መደርደሪያው ላይ ዘርግታ ጥቂት አየቻቸው። ከዚያ ፊቷን ምንም ሳታለሳልስ ወደ ኋላዋ ዞረች።

"ስልክ ቁጥርሽ ስንት ነው?" አለቻት።

ቨርና ነገረቻት፣ መዝጋቢዋ እንዳትሳሳት አንዱን አኃዝ ከአንዱ እየለየች፣ ቀስ ብላ።